የሸክላው ሕፃን አንገት

«አስቀምጠው! ጋሹ፣ መሬት አስቀምጠው ነው የምልህ!»

ጋሹ አላስቀመጠም። ሦስት ሺህ ዓመት የሞላው የሸክላ ሕፃን እቅፉ ውስጥ ነው፤ ግራ እጁ ከመቀመጫው ሥር፣ ቀኙ ከማጅራቱ። ሞላልኝ የሚገፋው ጋሪ የዕቃ ሊፍቱ ደፍ ላይ ሲደናቀፍ፣ ሕፃኑ ከስፖንጁ ተንሸራተተ፤ ጋሹም ዘሎ ቀለበው። የሙዚየም ሴኩሪቲ ሥራው በር መያዝ ነው። ዕቃ መንካት ያስባርራል።

«አንገቱ አልጠናም» አለ።

«ሸክላ እኮ ነው፣ ሰውዬ!»

«ይነቃነቃል እልሃለሁ። እጄን ካነሳሁ ጭንቅላቱ ይወድቃል።»

የሞላልኝ ግንባር በላብ ርሷል። «ስማኝ፣ አቶ ስምንተኛ ክፍል። የቅርሶቹን ኃላፊ ዶክተሯን ፔጅ አድርጌ ጠርቻታለሁ። ሶ፣ ስትመጣ ማን ነው የያዘው? አንተ። በባዶ እጁ የነካውስ? አንተ። እኔ እንኳ ጓንት አድርጌያለሁ።»

ይህን ሰው መንዳት ያስተማረው ጋሹ ነው፤ በገዛ ቶዮታው፣ ፕሌኖ ከተማ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ስድስት እሑድ ሙሉ። እዚህም ያስገባው እሱ ነው። ዛሬ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ፈረንጅ ፊት ሰላምታ እንኳ ይነፍገዋል። ጋሹ ፎርት ዎርዝ ከተማ መጋዘን ሲሠራም ሌላ ሰው የሰበረው መስተዋት በእሱ ተላክኮ ነበር የተባረረው። አሁንም ያው ሊደገም ነው። ቤት ሁለት ልጆች አሉ፤ ሚስቱ እማዋይሽም ሦስተኛውን ልትወልድ ደርሳለች።

ሕፃኑን ቁልቁል አየው። ወፍራም፣ ራቁቱን፣ ከንፈሩ ወደ ታች የተጣመመ። ዶክተሯ ሸክላውን ስለሠሩት ጥንታዊ ሕዝቦች፣ ስለ ኦልሜኮች፣ ለጎብኚ ስታስረዳ፣ በር ላይ ቆሞ ሦስት ሳምንት ሰምቷል። ለዝናብ የቀረበ መባ ነው የሚል አለ፤ የገዢ ልጅ ነው የሚል አለ፤ አፉ የነብር ነው የሚልም አለ። ጋሹን የጠየቀው የለም እንጂ፣ ሊያለቅስ የደረሰ ልጅ ነው።

የዶክተሯ ኮቴ ከኮሪደሩ ተሰማ።

«እሱ ነው የነካው» አለ ሞላልኝ በእንግሊዝኛ፣ ገና ሳትጠይቅ።

ጋሹን እንግሊዝኛው ጥሎት ጠፋ። ጣት ይበቃው ነበር፤ ወደ ጋሪው፣ ወደ ጓንቱ፣ ወደ ሰውየው መጠቆም ብቻ። ጣቱ ግን ከሕፃኑ ማጅራት ሥር ናት። አላነሳትም።

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ የጋሹን እጅ፣ ቀጥላም የሕፃኑን አንገት የዞረውን ቀጭን ስንጥቅ አየች።

«ድሮ የተጠገነበት ነው፤ ሙጫው ለቋል» አለች በቀስታ። «በሆዱ ብቻ ይዘኸው ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቱ መሬት ነበር። እንዲህ መያዝ ማን አስተማረህ?»

«ልጆች አሉኝ።»

እጆቿን ከእጆቹ ሥር አስገባች። «በል፣ ልቀቅ።»

ጣቶቹ እሺ አላሉትም። አንድ በአንድ አላቀቃቸው፤ በመጨረሻ አውራ ጣቱን። አውራ ጣቱ ካረፈችበት፣ ከሕፃኑ ማጅራት ጎን፣ ሸክላው ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። ሠሪው ጭቃው ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ ደግፎ የያዘበት ነው፤ የጣቱ መስመሮች ሳይቀሩ አሉ።