የደሴቱ ንጉሥ

ካሚል ከዘንዘልማ በባጃጅ ሲመጣ ልቡ ቀድሞት ሐይቁ ዳር ደርሷል። አባቱ አደም ጠዋት "ነጩን ሸሚዝ ልበስ" እያለ ሲጨቀጭቀው ስለነበር፣ ለብሶት ነው የመጣው።

ሁልጊዜ እሁድ ከሰዓት በሐጂ ሙሀመድዘይን የጀልባ መሥሪያ ውስጥ ጨዋታ ያጫውታል። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ የሐጂው ልጆች ሳዲቅና ናኢማ ደግሞ አንዱ ጀልበኛ፣ አንዷ ሐኪም ሆነው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚያደርጉትንም ራሳቸው ይወስናሉ። የሚያጠራጥር ነገር በዕጣ ይለያል። በዚያ ቤት ዳዶ መወርወር ቁማር ስለሚመስል፣ ካሚል ከተረፈ ጣውላ ሃያ ቁራጭ እንጨት አዘጋጅቶ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጽፎባቸዋል። ከካርቶን ጀርባ ተቀምጦ ከከረጢት አንዱን ያወጣል። ቁጥሩን የሚያየው እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ጉዳዩ ጨዋታው አይደለም፤ ናኢማ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ወዷታል፣ እሷም አልጠላችውም። ሐጂው ግን ለልጃቸው የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ከበር ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ካሚልም አባቱን "ሽማግሌ ላክልኝ" ለማለት ወኔ ከድቶታል።

ስለዚህ ዘዴ ዘየደ። በዛሬው ታሪክ ልጁን ለማንም የማይድር የደሴት ንጉሥ አለ። ሐጂውን ለምኖ ንጉሥ ማድረግ፣ ከዚያ በንጉሡ መልስ የሐጂውን ልብ ማወቅ!

"ሐጂ፣ ዛሬ አንድ ንጉሥ ጎደለን። እርስዎ ቢሆኑልን?"

ይህን ጨዋታ "የሥራ ፈት ወግ" ሲሉት የኖሩት ሰውዬ ልመናውን እንኳ ሳያስጨርሱ መዶሻቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ካሚል ደስታውን አልቻለውም። ዓሣው ራሱ ዘሎ ጀልባ ውስጥ ገባለት።

የሐጂው ጥያቄ ግን አላልቅ አለ።

"ይህን ሁሉ የጻፍኸው አንተ ነህ?"

"አዎ ሐጂ።"

"ሰው ሲሳሳትብህ ትቆጣለህ?"

"ሳዲቅን ይጠይቁት።"

"እሱ እንኳ ተቆጥቶ አያውቅም፤ እኔው ነኝ የምጮኸው" አለ ሳዲቅ። ናኢማ አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

ጨዋታው ተጀመረ። ጀልበኛው ሳዲቅ ንጉሡ ፊት ቆመ።

"ንጉሥ ሆይ፣ ልጅዎን ለትዳር ፈልጌ መጣሁ። ሀብት የለኝም፤ ሁለት እጅና አንድ ጀልባ ግን አለኝ።"

"እዚህ አገር ጀልባ የሌለው ማን አለ?"

"አከብራታለሁ።"

"ሁሉም እንዲህ ይላል።"

የሚናገረው ሳዲቅ፣ ላብ የሚያጠምቀው ካሚልን ሆነ። በመጨረሻ ሐጂው ጢማቸውን አሻሹ።

"እንግዲህ ዕጣችሁ ይፍረድ። ከአሥራ አምስት በላይ ከወጣ እሰጣለሁ። ካነሰ ልጄ ከቤቴ አትወጣም።"

ካሚል እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። አራት።

አሥራ ስምንት ቢል ማን ያያል? ሐጂው "ሰጥቻለሁ" ይላሉ፤ እሱም ያችን ቃል ይዞ አባቱ ዘንድ ይበራል። ቀና ሲል ሐጂው ፊቱን ትክ ብለው እያዩት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ቁጥር ዋሽቶ አያውቅም፤ ለናኢማ ሲል መዋሸት ደግሞ ጭራሽ አስጠላው።

"አራት" አለ ድምፁ ሰልሎ።

"አልሰጥም!" አሉ ንጉሡ።

"ኧረ አባ!" ብሎ ሳዲቅ ጮኸ። ካሚል ለይምሰል ሳቀ። ጨዋታ ነው እኮ፣ አለ ለራሱ። ያወጣውን እንጨት ከረጢቱ ውስጥ መለሰ።

ሐጂው ብድግ ብለው ከበሩ አጠገብ ስልክ ደወሉ።

"አሰላሙ ዐለይኩም አደም፣ ባለፈው ሳምንት የላክሃቸውን ሽማግሌዎች መልሰህ ላካቸው፤ ልጅህን አይቸዋለሁ፤ ለጥቅሙ ሲል አይዋሽም።"