የስንዴው ትኩሳት

ወንድሟ የብረቱን መሰላል ሲያጋምስ፣ እሷ ከታች የሽቦዎቹን ሳጥን ክዳን ፈትታ ጨርሳ ነበር።

«አንቺ ሽቦሽን ስትመረምሪ፣ እኔ ገብቼ በእጄ ዳስሼው እመጣለሁ» አለ ከላይ። የስንዴ ጎተራዎቹ ኃላፊ እሱ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ጣጣ የእሷ።

«ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ታገሠኝ።»

ከማለዳ ጀምሮ የመቆጣጠሪያው ስክሪን የዚህ ጎተራ መሃል ሞቋል እያለ ነው። እርጥበት የገባው ስንዴ ውስጥ ውስጡን ይግላል፤ ነበልባል ሳያሳይ ይጨሳል፤ ጎተራ የገባን ሰው አየሩ ብቻ ይጥለዋል። ወንድሟ ግን አላመነም። ግድግዳው በረዶ ነው፣ ሽታ የለም፤ «የቀበጠው ሽቦሽ ነው፣ እህት ዓለም» ብሏታል።

ምነው በሆነ፣ አለች በልቧ። ስንዴው መሃል በተንጠለጠለው ገመድ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ የፕላቲኒየም ሽቦ አለ። በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይሰስታል፤ ስስቱን የለካ ሙቀቱን አወቀ። ፕላቲኒየም የተመረጠውም ዓመታት ቢያልፉ ጠባዩን ስለማይለውጥ ነው። የሚያሳብለው ረጅሙ ገመድ ነው፤ የራሱን ስስት ይደምርበታል። የገመዱን ድርሻ ለይቶ ለመቀነስ ነው ሦስተኛ ሽቦ አብሮ የሚወርደው።

የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ ቴስተሯን፣ አገናኘች። መጀመሪያ ገመዱን ለካች፤ ጤነኛ ነው። ቀጥላ ፕላቲኒየሙን። የላላ ሽቦ ቢሆን ቁጥሩ በዘለለ፣ በተወራጨ። ይሄ አልዘለለም። ዜሮ ዲግሪ ላይ መቶ ኦም የሚሆነው ስስት፣ መቶ ሃያ ስድስት ላይ ቆሟል፤ ወደ ስልሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት ማለት ነው። የመጨረሻው አኃዝ በአንድ ከፍ አለ። ቆየና እንደገና።

ከላይ የመግቢያው ክዳን ሲንቋቋ ሰማች።

«ወንድም ጋሼ፣ ውረድ።»

«ምነው፣ ሽቦው አይደለም?»

«ሽቦው ደህና ነው።»

«ታዲያ እሰየው ነ...» ብሎ ጀመረና፣ ክዳኑን ሕፃን እንደተኛበት ክፍል በር ቀስ አድርጎ መለሰው። ሲወርድ አንዴ እግሩ መወጣጫውን ሳተ። መሬት ሲረግጥ አላያትም፤ ሠራተኞቹን ከግቢ ለማስወጣት በሩጫ ሄደ።

እሷ ቀና አለች። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። የሌሎቹ ጎተራዎች ጣሪያ ባዶ ነው። እርግቦቹ በሙሉ እዚህኛው ላይ ሰፍረዋል፤ ሰው ወጥቶ ሲወርድ እንኳ ሳይነሱ፣ ደረታቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈው ይሞቃሉ።