የካርድ ቁጥር 2341 ታሪክ

ሲስተር እጃቸውን ከጋውናቸው ኪስ አያወጡም። "ማውሱን ይያዙት" ስላቸው ይህ ሦስተኛዬ ነው።

"አልነካውም" ይላሉ። "ይሄ ማሽን መስክሮብኛል። ከመሰከረብኝ ጋር አልጨባበጥም።"

በሩ አጠገብ የተቀመጡት የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ይስቃሉ። ከጠዋት ጀምሮ የሚስቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። "እኔንም ማውሷ አኩርፋኛለች፤ ቀኝ ስላት ግራ ነው የምትለኝ" ይላሉ። እግራቸውን መውጫው ላይ አግድም ዘርግተዋል። የቀሩት አራት ሠራተኞች ግድግዳውን ተደግፈው የሚያዩት እኔን ነው፤ ስክሪኑን አይደለም።

የታካሚዎችን ካርድ በኮምፒውተር የሚይዘው ፕሮግራም ክሊኒኩ ውስጥ ከተጫነ አንድ ወር ሆኖታል። ሥልጠናው መቅደም ነበረበት፤ አልቀደመም። እስካሁን ደህና አድርጎ የለመደው ዶክተሩ ብቻ ነው። ክሊኒኩም የእሱ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ስልኩን ይነካካል። ከሲስተር ቢያንስ አሥር ዓመት ያንሳል፤ "አንቺ" ነው የሚላቸው።

"ምን ብሎ መሰከረብዎት?" እላለሁ። መጠየቅ አልነበረብኝም።

የሚመልስልኝ ዶክተሩ ነው። "ስኳር ላለባቸው ሽማግሌ ስምንት ዩኒት ኢንሱሊን አዘዝኩ። እሷ አሥራ ስምንት ወጋቻቸው። እኩለ ቀን ላይ ራሳቸውን ስተው አስፋልት ላይ ወደቁ። የተረፉት በዕድላቸው ነው።" ዓይኑን ከስልኩ አያነሳም። "ማሽኑን ብትጠይቂው ስምንት ይልሻል። ዓርብ የስንብት ደብዳቤዋን ትወስዳለች። ስምንትና አሥራ ስምንት የማትለይ ነርስ ምን ላድርጋት?"

"ያነበብኩት አሥራ ስምንት ነው" ይላሉ ሲስተር፣ ለመስኮቱ።

"መነጽር ግዢ ብያት ነበር።"

ማንም አይስቅም። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ እንኳ የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ።

እኔ የመጣሁት ለማስተማር ነው። ወረቀቴ ላይ አሥራ ሁለት ነጥቦች አሉ፤ የደረስነው ሰባተኛው ላይ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነባለሁ። "አንድ ትእዛዝ ሲታረም ፕሮግራሙ የፊተኛውን አያጠፋውም። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ ከሥር ያስቀምጠዋል። 'ታሪክ' የሚለውን ስትጫኑ ይወጣል። አንድ የካርድ ቁጥር ስጡኝና ላሳያችሁ።"

የሲስተር እጆች ከኪሳቸው ወጡ።

"ሃያ ሦስት አርባ አንድ" ይላሉ። አላሰቡም፣ ወረቀትም አላዩም። ሦስት ሳምንት አብሯቸው ያደረ ቁጥር ነው።

እጽፈዋለሁ። ከኋላዬ የስልኩ መነካካት ይቆማል።

"ሌላ ቁጥር ውሰጂ" ይላል ዶክተሩ።

"ጻፍኩት እኮ።"

"አጥፊው! የታካሚ ምስጢር ነው።"

"ምስጢር ከማን?" ይላሉ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ። "ካርዱን ያወጣሁት እኔ፣ የወጉት ሲስተር፣ ያዘዙት እርስዎ። እዚህ ባዳ ብትኖር ይቺ ልጅ ናት።"

ባዳዋ እኔ ነኝ። የሥልጠናው ማረጋገጫ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ የሚፈርምበት ዶክተሩ ነው። ካልፈረመ የሙከራ ጊዜዬ ላይ ምን እንደሚጻፍ አለቃዬ ትናንት ነግሮኛል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ነጥቡ ደግሞ ሰባተኛው ነው፤ ስድስተኛውን ጨርሻለሁ።

እጫናለሁ።

ሦስት መስመር ይወጣል። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ከተቀመጡበት አንገታቸውን አስግገው፣ የካርድ ቁጥር እንደሚጠሩ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። "ሦስት ሰዓት ከሃምሳ፣ ኢንሱሊን አሥራ ስምንት ታዘዘ፣ ዶክተር። አራት ሰዓት ከአምስት፣ አሥራ ስምንት ተሰጠ፣ ሲስተር።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ስምንት ሰዓት ከሃያ። አሥራ ስምንት የነበረው ወደ ስምንት ታረመ። ዶክተር።"

ቀልድ አልጨመሩበትም።

ዶክተሩ ብድግ ብሏል። "ሰዓቱ ተዛብቶ ነው" ይላል። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ወደ እኔ ይዞራል። "የማሽን ሰዓት ይዛባል፤ አይደል የኔ እህት? ንገሪያቸው እንጂ።"

የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። የስክሪኑን ጥግ አያለሁ። ግድግዳውን የተደገፉት አራቱም በተራ እንደኔው ያደርጋሉ። ሁለቱም አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይላሉ።

"ትምህርቱ አበቃ። ዝጊው!"

ሲስተር በጎኔ መጥተው ይቆማሉ። ተነሽ አላሉኝም፤ ግን ተነሳሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ማውሱን ይይዙታል፤ ሊያመልጥ የሚፈልግ ነገር እንደሚያዝ፣ በሙሉ መዳፍ።

"ይሄ የሚታተመው በየት ነው?"

ከጠዋት ጀምሮ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ማተም ዘጠነኛው ነጥብ ነው። ዶክተሩ ያየኛል።

"ከላይ በቀኝ በኩል" እላለሁ። "የማተሚያዋን ሥዕል ይጫኑ።"

"ሁለት ቅጂ ብፈልግስ?"

"አንድ የምትለዋን ሁለት ያድርጓት።"

ያደርጓታል። አያመሰግኑኝም፤ ዞረውም አያዩኝም።

ከግድግዳው ወዲያ፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ፣ ማተሚያው ማጓራት ይጀምራል። ዶክተሩ በሦስት እርምጃ በሩ ዘንድ ይደርሳል።

የካርድ ክፍሉ ሰውዬ እግራቸውን አልሰበሰቡም።