በገመድ የታተመ ልክ

ልብስ ሰፊዋ ዋይፋይ ላይ እምነት የላትም፤ «በአየር የላኩት ነገር መንገድ ይስታል» ባይ ናት። ስለዚህ ለልጇ የምትሰፋውን የትምህርት ቤት ቀሚስ ንድፍ ታብሌቷን ከማተሚያው ጋር በገመድ አገናኝታ አተመችው። ወረቀቱ ግን ስንዝር ያህል አጥሮ ወጣ።

«እማዬ፣ ማተሚያሽም እንዳንቺ ቋጣሪ ነው!» ብላ ሳቀች ልጅቷ።

«አንቺ ምላሰኛ! በይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

ከትከሻ እስከ ጉልበቷ ብትለካት፣ ካጠረው ወረቀት ጋር ልክክ አለ። በሜትሩ ተሳስቼ ነው ብላ ንድፉን እንደገና አተመች። ሁለተኛው ከፊተኛው ይባስ አጠረ። ደንግጣ ገመዱን ነቀለችው፤ ማተሚያው ግን ሦስተኛ ወረቀት ጎርሶ ማተሙን ቀጠለ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ከጠረጴዛው ሥር እየመጣ፣ «የለበስኩት ቀሚስ ለምን መሬት ይጎተታል?»