የተሻጋሪው መጫኛ

እንጦጦ ላይ ከተማ በተቆረቆረ ሰሞን ነው። ተራራው ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ ነበርና፣ ሲወርድ የሰነበተው ዝናብ የየካን ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላው።

ዓምደ ሚካኤል የቆዳ መጫኛ ወገቡ ላይ አሰረና ሌላውን ጫፍ ለእህቱ ለየማርያምወርቅ ሰጣት። እናታቸው ማዶ ናት፤ ውሃው ደጃፏ ደርሷል።

«ወይራው ላይ ልሰረው?» አለችው።

«የተሻጋሪ መጫኛ ዛፍ ላይ አይታሰርም። ዛፍ መቼ ማላላት፣ መቼ ማጥበቅ እንዳለበት ምን ያውቃል? አንቺው ያዢው። ማዶ ስደርስ ሳብ አደርግልሻለሁ፤ እስከዚያ እንዳትለቂ።»

«ወንድምዓለም፣ ትንሽ ይጉደል፣ ቆይ።»

«ውሃው እናታችንን ቆሞ ይጠብቃታል?» ብሎ ገባ። ወንዙ ላይ የተኛው ጉም ወዲያው ዋጠው።

መጫኛው በመዳፏ ውስጥ እየተንሸራተተ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ከላይ በኩል ድንጋይና ግንድ የሚያንከባልል ደራሽ ውሃ እያጓራ መጣ። ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ተክላ ያዘች። ስሙን ብትጠራ፣ ብትጠራ፣ መልስ የለም። መጫኛው ግን እንደከበደ ነው፤ ይንቀጠቀጣል።

«እህትዓለም!» አላት ከኋላዋ።

ዞር አለች። ዓምደ ሚካኤል ወይራው አጠገብ ቆሟል።

«ውሃው ታች ወስዶ ተፋኝ። ልቀቂው እንጂ፣ ይዞሽ ሊሄድ ነው!»

«ተመስገን!» ብላ ለቀቀችው። መጫኛው በሣሩ ላይ እየተሳበ ውሃው ውስጥ ገባ። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ፊቷን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

ዝናቡ ሁለቱም ላይ ይወርዳል። ኩታው ግን ደረቅ ነበር።