ወደ ፊቱ የወጣው ብርሃን

ሰዓሊዋ የሟች ባሏን ምስል ስትጀምር በሸራው ጥግ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለችው። ከጎኑ ሰፊ ግራጫ ግድግዳ ተወች፤ ባዶው ቦታ ሐዘኗን ይናገርላት ብላ ነው። እሷ ማልቀስ አቅቷታል። ሥዕሉ ውስጥ ከሳለችው መስኮት የሚገባውን ቢጫ ብርሃን ጉልበቱ ላይ አቆመችው። ፊቱን ግን በጥቁር ቡናማ ቀብታ አለፈችው። መልኩ ጠፍቶባት ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

በማግስቱ ብርሃኑ ደረቱ ላይ ደርሶ አገኘችው። በጥቁር ቀለም ሸፍና ወደ ጉልበቱ መለሰችው። ሲነጋ አገጩን ነክቶ ነበር። ብሩሿን አስቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ የባሏ ታላቅ እህት መጣችና ሥዕሉ ፊት ቆመች። ብርሃኑ ፊቱን ሞልቶታል።

«ቁርጥ ወንድሜ! ዓይኑን ማጨንቆሩንስ እንዴት አስታወስሽው?»

«እትዬ፣ ፊቱን እኮ አልሳልኩትም።»

«ታዲያ ጎረቤት መጥቶ ሳለልሽ? ይልቅ መጋረጃውን ዝጊለት፤ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው» ብላ ሳቀች።

ሰዓሊዋ ብዙም ሳታስብ ሄዳ የክፍሉን መጋረጃ ዘጋች። ከኋላዋ ሳቁ ተቋረጠ። ዞር ስትል የባሏ ዓይኖች ተገልጠው ነበር።