ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ኮሌታ

«ተነሺልኝ ከስፌት መኪናው! ስንት ጨርቅ ልታበላሺብኝ ነው?!»

ልጁ ነው እንዲህ የጮኸው… በገዛ እናቱ ላይ… ደንበኛ ፊት!

ልብስ ስፌት ያስተማረችው እሷ ናት። ሱቁም የእሷ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት አንገቷ ላይ ካንሰር ወጥቶባት በጨረር ታክማ ዳነች። ከሆስፒታል ስትወጣ አንድ ጠንካራ ወረቀት ሰጧት።

«እስቲ አንብብልኝ» አለችው።

ልጁ ቸኩሏል። ከላይ ከላይ አየት አደረገና… «ድነሻል ነው የሚለው» አላት።

ዘንድሮ ግን ሌላ ሰው ሆነች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ቁጭ ባለችበት ላብ ያጠምቃታል። እየበላች ትከሳለች። ዓይኗ ፈጠጠ… ጠባይዋ ከፋ።

«እማ፣ በሽታው ለቆሻል እኮ! የቀረሽ ጠብ ፍለጋ ብቻ ነው!»

«ልጄ… ልቤ እኮ ዝም ብሎ ይመታል…»

«የማን ልብ ነው የማይመታው?»

ደንበኛው ሳቀ። እሷ መቀሷን አስቀምጣ ወጣች።

በሳምንቱ ደጃፍ ላይ ወደቀች።

ሆስፒታል ሲያደርሳት ሐኪሟ እንዲህ አለችው፦

«አንገቱ ላይ ጨረር የወሰደ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ የገዛ ሰውነቱ አንገት ውስጥ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ላይ ሊነሳበትና ዕጢው ከልክ በላይ እንዲሠራ ሊያደርገው ይችላል። መንቀጥቀጡም፣ ክሳቱም፣ ቁጣውም ከዚያ ነው። ልቧን በመድኃኒት እናረጋጋዋለን… የፈጠጠው ዓይኗ ግን ተጎድቷል፤ ዘግይታችኋል። በየስድስት ወሩ ደሟ ይታይ ብለን ጽፈን ነበር እኮ! ወረቀቱ የት አለ?»

ልጁ ቤቱን ገለባበጠው… የለም።

ሱቅ ገባ… ዓይኑ ሚስማሩ ላይ አረፈ።

የሸሚዝ ኮሌታ የሚለካበት ወረቀት!

ጠንካራ ነው ብሎ በኮሌታ ቅርጽ ራሱ ነበር የቆረጠው። ገለበጠው… «…ታይሮይድ… በየስድስት ወሩ…»

ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በእጁ ይይዘው ነበር።

ይዞት ሆስፒታል ሄደ። እናቱ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?»

«ወረቀቱ ነው እማ… ኮሌታ ቆርጬበት…»

«አንብብልኝ እስቲ።»

አሁን እስከ መጨረሻው አነበበላት… እያለቀሰ።

እናት ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ…

«ለስንቱ ሰው አንገት የበጀ ወረቀት… ለእኔ አንገት ብቻ ሳይበጅ ቀረ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እውነቱን ልንገራችሁ… ይህን የጻፍኩት ተናድጄ ነው። «ድነሃል» ብለን ሰውን እንረሳለን። ሲታመም «ጠባዩ ተበላሸ» እንላለን። ከመቆጣታችን በፊት «ምን ሆነሃል?» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እናንተ እናቱን ብትሆኑ… ፊታችሁን መልሳችሁ ታዞሩለት ነበር?